ገጠር ያልገባችው መኪና

አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ነበረ። ከገጠር ወጥቶ ከተማ የገባ፣ ለፍቶ ሀብት ያፈራ ሰው ነው። ኑሮው ሲደላደል እንደ እኩዮቹ መኪና ሊገዛ ተነሣ፤ ያገለገለች ትሁን እንጂ ስሟ የተጠራ፣ ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት መኪና። ናሁሰናይ ልጄ፣ አንተ ዛሬ እኔን እንደ ጠየቅኸኝ እሱም ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ ዝቅ ያለችው የስፖርት መኪና ትሻላለች ወይስ ከፍ ያለችው የፊልድ መኪና?

ነጋዴው እናት ነበረችው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ድንጋያማ መንገድ ተሂዶ በሚገኝ መንደር ትኖራለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በቅሎ ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ታላቅ እህቷ ደግሞ ከመንደሩ ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ ናት፤ ዓይኗ ጠፍቶ ከቤት አትወጣም። ሁለቱ እህትማማቾች ያን ወንዝ መሻገር አቅቷቸው ከተገናኙ ቆይተዋል። እናቱ ልጇን ገንዘብም ልብስም ጠይቃው አታውቅም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ መኪና ስትገዛ እህቴ ዘንድ አድርሰኝ፣ አፈር ሳይለየን እጇን ልዳብስ አለችው። እሺ አላት።

ነጋዴው ደላላ ዘንድ ሄዶ ሁለቱንም መኪኖች ነዳ። ዝቅ ያለችው ቀይ ናት፤ ሞተሯ ሲነሣ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ቁጭ ሲል ጉልበቱ ከሆዱ ጋር ተጣላ፤ ቢሆንም ልቡ እሷ ላይ ቀረ፤ መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ አይቶታላ። የኋላ ወንበሯ ግን ለስሙ ነው፤ ፍየል እንኳ ተደላድላ አትተኛበትም። ሆዷም መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከፍ ያለችው ፍጥነቷ አያስደንቅም፤ ነዳጅ ትጠጣለች፤ ለማቆሚያም ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች። ነገር ግን በሯ ሰፊ ነው፤ ዳሌዋ የተጎዳ ሴት ወንበሯ ላይ ጋደም ብላ ትሄድባታለች፤ ድንጋይም ወንዝም አይመልሳትም። ነጋዴው እናቱን አሰበና ዓይኑን ከቀይዋ ላይ ነቅሎ ከፍ ያለችውን ገዛ። እስከዚህ ድረስ ብልህ ሰው ነበር።

ደላላው ቁልፉን ሲሰጠው አንድ ምክር መረቀለት። «ይች መኪና ገጠር ያልገባች ናት፤ እንዲሁ ጠብቀህ ያዛት። ነገ ልሽጣት ብትል ከገዛህበት በላይ ትሸጣታለህ» አለው። በእኛ ከተማ መኪና የሚገዛ ሰው ገና ሳይነዳት የሚሸጥበትን ቀን ማሰቡ የታወቀ ነው። ቃሉ ነጋዴው ልብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ማለት ጀመረ። ክረምት ነበርና ጭቃው ይድረቅ አለ። መስከረም ጠባ፤ ወንዙ ይጉደል አለ። ወንዙ ጎደለ፤ ደግሞ ጠጠሩ ቀለሟን ይፍቀዋል፣ መንገዱን ሊያስተካክሉት ነው ስለተባለ ትንሽ ልታገሥ አለ። መኪናዋን ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ሰርግ ቤት በአስፋልት ብቻ ያንሸራሽራታል። ደላላው ወንበሯን ያለበሰውን ፕላስቲክ እንኳ አልገፈፈም፤ በሙቀት ቀን ሱሪው ላይ እየተጣበቀ ሲያንገላታው ሚስቱ ትስቅበት ነበር። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ፣ ይህችን መኪና ለማን ነው የምናስቀምጣት አለችው። ለእናቱ ስኳርና ጋቢ በአውቶቡስ ይልካል። ጎረቤቶቿ ሲጠይቋት ደግሞ እናቱ ለልጇ ትከራከራለች፤ መንገዱ ለመኪና አልሆን ብሎት ነው እንጂ ይወስደኝ ነበር ትላለች።

አንድ ማለዳ መርዶ ነጋሪዎች በሩን አንኳኩ። አክስቱ አርፋለች። ነጋዴው ጋቢውን እንደ ደረበ መኪናዋን አስነሥቶ ወጣ። አስፋልቱ አለቀ፤ መኪናዋ ድንጋዩን ወጣችው፣ ወረደችው። የእናቱን መንደር አልፎ ወንዙ ጋ ሲደርስ ፈራ፤ እሷ ግን ውሃውን እንደ ቀልድ ተሻግራ ማዶ ወጣች። ወርዶ ቢያያት ጎማዋ ከመርጠቡ በቀር ምንም አልሆነችም። ያን ጊዜ እዚያው ወንዙ ዳር ተቀምጦ ተንሰቀሰቀ። ያለቀሰው ለአክስቱ ብቻ አልነበረም፤ መንገዱ ቀላል ሆኖ ስላገኘውም ነው።

እናቱን የእድር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አሻግረዋት ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አገኛት። እግሯ ሥር ወድቆ፣ እማዬ መኪናዋን ይዤ መጣሁ አላት። እሷም ፊቱን በእጇ ዳበሰችው።

«ለእህቴ በሰው መልእክት ልኬላት ነበር» አለችው። «መንገዱ ለመኪና አይሆንም እንጂ ልጄ እስካሁን አይቀርም ነበር አልኳት። እሷም እውነት ብላ፣ እየመረቀችህ ሞተች። አሁን እንዴት ሆኖልህ ገባህ ልጄ? መንገዱን ሠሩት እንዴ?»

መንገዱ ያው የድሮው መንገድ ነበር። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ጭቃ ብትለብስም ብትጫርም ግድ አልነበረውም ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ናሁሰናይ ልጄ፣ ከሁለቱ የትኛዋ ትሻላለች አልኸኝ። መንገድህ አስፋልት ብቻ ከሆነ፣ የምታሳፍረውም ሰው ከሌለህ፣ ቀይዋን ግዛ፤ ማንም አይወቅስህም። ያ ሰው ግን የተጸጸተው በምርጫው እንዳይመስልህ፤ መምረጥስ ደህና መርጦ ነበር። ስሙን እንኳ ለማያውቀው፣ ነገ ለሚመጣው ገዢ ብሎ የወለደችውን እናቱን ነፈጋት። አንተም ገና ሳትገዛ፣ ስሸጣት ዋጋዋ ይወርዳል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እኔን ያሳዘነኝ ይኸው ነው። አባትህ እዚያ ቆላ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩም። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። የወደድኻትን ግዛ፤ ብቻ ቁልፏን የተቀበልህ ዕለት ሕፃኑን አሳፍረህ ወደ አባትህ ንዳ። ስትመለስ ጭቃዋን እኔ አጥብልሃለሁ።