ባንዲራ ያላነሳችው እትዬ ዘነቡ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም እንድትሰሙ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። የሆነው ባቡሩ ገና እንጨትና ከሰል እየበላ በሚሄድበት ዘመን ነው።

በለገ ቡሬ ጣቢያ እትዬ ዘነቡ የምትባል ብርቱካን ሻጭ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም። ባቡሩ ሲቆም ብርቱካኗን በመስኮት በመስኮት ትሸጣለች። እሑድ እሑድ ቅርጫቷን ይዛ የኳስ ሜዳው ዳር ትቀመጣለች።

ያኔ የኛ ሰው ኳስ ይወድ ነበር፤ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ዳኛው መምህር ኃይለየሱስ ብቻ ነው። ጎል ሲገባ የገባበት ወገን "ኦፍሳይድ ነው!" ይላል። ያገባው ወገን "አይደለም!" ይላል። ከዚያ ዱላ ነው። ከጨዋታው ዱላው ይረዝም ነበር። አንድ እሑድ የአንድ ቀለም ቀቢ ሁለት ጥርስ ረገፈ።

ያን ቀን እትዬ ዘነቡ ወደ ዳኛው ሄደች። "መምህር፣ ሰው ጥርሱን የሚያጣበት ይህ ኦፍሳይድ ምንድን ነው?" አለች።

ወንዶቹ ሳቁ። "አንቺ ሴትዮ፣ ብርቱካንሽን ሽጪ!" አሏት።

መምህሩ አልሳቀም። ከቅርጫቷ ብርቱካን አውጥቶ መሬት ላይ ደረደረ። "ይህ በረኛው፣ ይህ ተከላካዩ፣ ይህ ደግሞ አጥቂው ነው እንበል። ጓደኛው ኳስ ሲያቀብለው፣ በአጥቂውና በጎሉ መሀል ከበረኛው ሌላ አንድ ባላጋራ መኖር አለበት። ከሌለ፣ ቀድሞ ሄዶ የጠበቀ ነውና ጎሉ አይቆጠርም።"

አልገባትም። ቤቷ ሄዳ ብርቱካኖቹን ደረደረች፤ አልገባትም። በማግስቱም ደረደረች፤ አልገባትም። ቀጥሎ ሁለት እሑድ ሙሉ ከመጨረሻው ተከላካይ እኩል በመስመሩ ዳር ተራመደች። ወደፊት ሲሄድ ወደፊት፣ ወደኋላ ሲመለስ ወደኋላ። ወንዶቹ ሳቁ። በሦስተኛው እሑድ ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት "ኦፍሳይድ!" አለች። መምህሩም ነፋ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኳስ መውጣቷን በባንዲራ የሚያሳየው የመስመር ዳኛ በድንጋይ ተፈነከተና ባንዲራውን ጥሎ ሄደ። "ማን ይያዝ?" ተባለ። ወንድ ጠፋ። እትዬ ዘነቡ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ባንዲራውን ያዘች።

ብዙ እሑድ በደህና አለፈ። አንድ ቀን የገበያው ቡድን በጋራዡ ቡድን ላይ ጎል አገባ። እሷ ኦፍሳይድ ብላ ባንዲራ አነሳች። ጎሉ ተሰረዘ፤ ገበያዎች ተሸነፉ። ማታ ግን ቤቷ ብርቱካኖቹን መልሳ ደረደረች። አጥቂውን ያየችው ኳሷ ስትደርሰው ነው። ኳሷ ከጓደኛው እግር ስትነሳ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ልጁ ኳሷ ከተነሳች በኋላ ሮጦ አልፎ ቢሆንስ?

ሳምንቱን እንዲያ ስትብሰለሰል ሰነበተች። እሑድ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሳሉ መሀል ሜዳ ገባች።

"የገበያን ጎል ያሰረዝኩት ሳላይ ነው። ኳሷ ስትደርስ አየሁ እንጂ ስትነሳ አላየሁም። በድያችኋለሁ" አለች።

ዳኛ "ተሳሳትኩ" ሲል ያ ሕዝብ ሰምቶ አያውቅም። የገበያዎቹ አምበል ወደ እሷ ሄደ። "ባንዲራውን አይልቀቁ፣ እትዬ" አላት።

አልለቀቀችም።

ታዲያ አንድ ዓመት ገበያና ጋራዥ አንድ ሆነው ከጨፌ ጣቢያ ጋር ለዋንጫ ተጋጠሙ። አንድ ለአንድ ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጨፌዎች ረጅም ኳስ መቱ። አጥቂያቸው ከበረኛችን ፊት ብቻውን ተገኘ። አገባ።

"ኦፍሳይድ!" አለ ለገ ቡሬ በአንድ አፍ። ሁሉም ወደ እትዬ ዘነቡ ዞረ። ባንዲራዋ እንደወረደ ነው።

"አንሺ!" አሉ። አላነሳችም። "አንሺ እንጂ!" አሉ። አሁንም አላነሳችም። መምህሩ ጎሉን አጸደቀ። ዋንጫው በማግስቱ ባቡር ጨፌ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብርቱካኗን የሚገዛት ጠፋ። ውኃ መቅጃው ላይ ሴቶቹ ጀርባ ሰጧት። "አገሯን የሸጠች" ተባለች። "ምን አይተሽ ነው ያላነሳሽው?" ሲሏት "ከአጥቂው ወዲያ ሰው አይቻለሁ" ትላለች። "ማንን?" ሲሏት ዝም ትላለች። አንድ ሳምንት ዝም አለች። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ብርቱካኑ ቅርጫት ውስጥ ሻገተ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ የጋራዡ ብረት ቀጥቃጭ ሙሜ በርሜል ላይ ወጣ። ሙሜ ተከላካያችን ነበር።

"ስሙኝ!" አለ። "ያየችው እኔን ነው። ባቴን ጨምድዶ ይዞኝ ከጎሉ ቋሚ አጠገብ ወድቄ ነበር። ኳሷ ስትነሳ እዚያው፣ በአጥቂውና በጎሉ መሀል ነበርኩ። እናንተ ሁላችሁ ኳሷን ስትከተሉ እሷ እኔን አየች። እኔ ፈርቼ ዝም አልኩ።"

ሙሜ ወርዶ ሄደና ፊቷ ቆመ።

"እትዬ፣ ለምን ስሜን አልጠሩም?"

"ቢመቱህስ?" አለችው። "ደግሞስ አንተ ምን አጠፋህ? እግርህን አሞህ ነው።"

ሙሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ሰውም አንድ በአንድ ይቅርታ ሊላት መጣ፤ ያልመጣም ነበር። እሷ ግን ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ ያንን መስመር ተራመደች።

ይኸውላችሁ፣ እስከ ዛሬ በለገ ቡሬ ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ ምስክር ነኝ ባዩ ይበዛል። ሁሉም ቆሞ "አይቻለሁ! አይቻለሁ!" ይላል። ሽማግሌው እስኪጨርሱ ይጠብቅና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል።

"ስትነሳ ማን አየ?"

ነገሩ ሲነሳ ያላየ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚቀር የለም።