ፎቶ አንሺውና ማረፊያ ያጣችው ወፍ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ስሙ ጥላዬ። በዚያች ትንሽ ከተማ የእሱ ካሜራ ያላየው ፊት የለም። የተዳረው፣ የተመረቀው፣ መታወቂያ የሚያወጣው ሁሉ ከሱቁ ገብቶ "አገጭ ቀና! ትከሻ ዘና! እንዳትንቀሳቀስ!" ሲባል የኖረ ነው። በኋላ ግን ስልክ የሚሉት ነገር መጣና ሰው ሁሉ ፎቶ ቤቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። አቤት! የጥላዬ ሱቅ ጭር አለች። ለመታወቂያ ብሎ ከሚመጣ አንድ ሁለት ሰው በቀር ደጃፉን የሚረግጥ ጠፋ።

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ ከኋላው ጠባብ ግቢ አለ። እዚያ ቤት ከሱ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቱ እትዬ አስካለ ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ሲሞት የባሏ ዘመዶች ቤቱን ወሰዱባትና አንዲት ሻንጣ ይዛ ወንድሟ ዘንድ መጣች። ጥላዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉ። "ቤቴ ቤትሽ ነው" ብሎ ተቀበላት። ከሚበላው አጉድሎባት አያውቅም።

የዚያ ዓመት በጋ ከረረ። አበባ የሚባል ከአካባቢው ጠፋ። እነዚያ ቀጭን ቆልማማ መንቁር ያላቸው፣ የአበባ ማር የሚመጥጡ ትንንሽ ወፎች በግቢው የዘይቱን ዛፍ ላይ የደረቀ ቅጠል ሲጎረጉሩ እትዬ አስካለ አየችና አንጀቷ አልቻለም። የሽሮፕ ጠርሙስ አጥባ፣ ስኳር በውሃ በጥብጣ፣ ከዛፉ አንጠለጠለችላቸው። ከጠርሙሱ አፍ ሥር ደግሞ ከመጥረጊያ አንዲት ጭራሮ መዝዛ አሰረች፤ ማረፊያቸው እንድትሆን። እሰይ! በማግስቱ ግቢው ድግስ የተደገሰበት መሰለ። አንገቱ እንደ አዲስ ብረት የሚያብለጨልጨው ወንዱ፣ አመድማ ቀለም ያላት ተራዋ ሴቷ፣ ሌሎችም ሌሎችም፣ እየመጡ ጭራሮዋ ላይ ቂብ፣ መጠጥ፣ ፉት፣ ሄድ። እትዬ አስካለ ልብስ እያጠበች ስትስቅ ትውላለች።

በዚያው ሰሞን በከተማው አዳራሽ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወፍ በአየር ላይ ሳለች፣ ክንፏ ጥርት ብሎ የሚታይበትን ፎቶ ላነሳ ሰው አዲስ ካሜራ ይሸለማል፤ ፎቶውም በአገሩ ሁሉ በሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ላይ ይወጣል ይላል። ጥላዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። ያ ፎቶ በሱቁ መስኮት ቢሰቀል ሰው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል ብሎ አሰበ። ሮጦ ቤቱ ገባና ካሜራውን ደግኖ ከጠርሙሱ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለ።

አነሳ፣ አነሳ፣ አነሳ። በካሜራው ጀርባ መስታወት ላይ ሲያየው ወፎቹ ሁሉ ጭራሮዋ ላይ ተቀምጠዋል።

"ይህማ የመታወቂያ ፎቶ ነው!" አለና ተነስቶ ጭራሮዋን ቀጨት አደረጋት።

እትዬ አስካለ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ መጣች። "ምነው ጥላዬ? ማረፊያቸውን ለምን ሰበርክ?"

"ከተቀመጡማ እትዬ፣ ምኑን በረራ ሆነ?"

"ታዲያ እያርገበገቡ ይጠጡ? ሰው እንኳ እንግዳ ሲመጣበት አስቀድሞ 'ተቀመጥ' ይለዋል እንጂ፣ በር ላይ አቁሞ አያጎርሰውም።"

"ስኳሩን እንደሆነ አልከለከልኳቸው! እንዲያውም ጨምሬበታለሁ።"

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው በዳኔ አንገቱን በአጥሩ ላይ ብቅ አደረገ። "ጥላዬ! ደግሞ ለወፍ ፓስፖርት ልታወጣላት ነው?"

"ዝም በል አንተ፤ ታባርርብኛለህ!"

"አገጭ ቀና በላት እንጂ! ጆሮዋም በደንብ ይታይ፤ አለበለዚያ ይመልሱባታል!" ብሎ በዳኔ እየተንከተከተ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ጭራሮዋ ስትጠፋ ወፎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። አንገተ ብርቁ ወንድ አንድ ጊዜ ዞሮ አየና "ይህ ለኔ ክብር አይመጥንም" ያለ ይመስል እብስ አለ። የቀረችው ያቺ አመድማዋ ሴት ብቻ ናት። እሷ በየቀኑ ትመጣለች። በጠርሙሱ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥላ፣ ክንፏን እስኪጠፋ ድረስ እያርገበገበች፣ ጠብታ ትወስድና ትሄዳለች።

እትዬ አስካለ ለምን እንደማትቀር ደረሰችበት። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በሸረሪት ድርና በደረቅ ሣር የተሠራች፣ የሕፃን ኪስ የምታክል ጎጆ ተንጠልጥላለች። ሁለት ትንንሽ አፎች ከውስጧ ተከፍተዋል።

"ልጆች አሏት፣ ጥላዬ" አለችው።

ጥላዬ ከካሜራው ቀና ሳይል "ጥሩ ነው" አለ። "እንግዲያው የትም አትሄድም ማለት ነው።"

ወፏ ጠርሙሱ በተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ልታርፍ ሞከረች፤ ገመዱን ቅባት ቀባው። አጠገቡ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ሆና አንገቷን ልትሰድ ሞከረች፤ ቅርንጫፉን ቆረጠው። ፎቶው ግን እምቢ አለ። ክንፏ እንደ ጭስ ብዥ ይላል። "ዛሬን ብቻ" ይላል ጥላዬ፤ ደግሞ ይነጋል፤ ደግሞ "ዛሬን ብቻ" ይላል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

እትዬ አስካለ እሱ ደንበኛ ሊያነሳ ሲገባ ጠብቃ ሁለት ጊዜ ጭራሮ አሰረች። ሁለት ጊዜ ነቀለው። በሦስተኛው እጅ ከፍንጅ ያዛትና ደሙ ፈላ።

"እትዬ፣ ተይኝ! በሰው ቤት ነገር አትግቢ!"

ቃሉ ከአፉ ወጣ። ጥላዬ እንኳ ምን እንዳለ በቅጡ አልሰማውም። እሷ ግን ሰማች። ጭራሮዋን ከእጇ ጣለችና ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ጭራሮ አላሰረችም።

በማግስቱ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ግቢውን እንደ መስታወት ስታበራው ወፏ መጣች። ጥላዬ ካሜራው ከዓይን ጥቅሻ ይልቅ ቶሎ እንዲጨፍን አድርጎ አዘጋጅቶት ነበር። ቀጭ! ወዲያው በካሜራው መስታወት ላይ አየው። ክንፏ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል። እያንዳንዷ ላባ ትቆጠራለች። ከመንቁሯ ጫፍ የተንጠለጠለች ጠብታ ሳትቀር ትታያለች።

"አገኘሁት! እትዬ፣ አገኘሁት!" ብሎ ዘለለ።

እትዬ አስካለ ግን ካሜራውን አይደለም ያየችው። ወፏ ጠብታዋን ይዛ ወደ ጎጆዋ ተነሳች። ለክፈፉ አንድ ክንድ ሲቀራት ክንፏ ቀጥ አለ። እንደ ደረቅ ቅጠል ወደቀች።

እትዬ አስካለ አነሳቻት። መዳፏ ላይ ያለችም አትመስልም፤ ቅልል ያለች ነች። ጥላዬ ቀረብ ብሎ በጣቱ ነካት። የደረቷ አጥንት ምላጭ ሆኗል።

"ይህን ሁሉ ስኳር እየጠጣች?" አለ ግራ ገብቶት።

"የጠጣችውን እዚያው አየር ላይ ስትጨርሰው ነዋ የከረመችው" አለች እትዬ አስካለ።

ጫጩቶቹን በጥጥ ጫፍ እያንጠባጠበች ልታኖር ታገለች። አንዷ በዚያው ምሽት፣ አንዷ በማግስቱ ሞቱ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ሻንጣዋን ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ጥላዬ ደነገጠ።

"ወዴት ነው?"

"ገጠር፣ የአክስታችን ልጅ ዘንድ።"

"ምን አጎደልኩብሽ እትዬ? ራበሽ? ጠማሽ?"

"ኧረ በፍጹም። ያጎደልክብኝ የለም፣ ወንድሜ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እዚህ ቤት ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ነው። ቁጭ ስል ደንበኛ ይመጣና 'እትዬ፣ አንዴ ተነሺ' ትለኛለህ። ደንበኛው ሲሄድ ዕቃህን ትዘረጋበታለህ። እኔም ዝም ብዬ ቆሜ ከረምኩ። የቤቱ ሰው ስለሆንኩ ነው የሚያስነሳኝ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ለካ በሰው ቤት ነው የቆምኩት።"

ጥላዬ "አምልጦኝ ነው እኮ!" ሊል አፉን ከፈተ። ምን ያደርጋል፤ ያመለጠ ቃል እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ያመለጠው ግን ከውስጥ ነው። እሷ ግንባሩን ሳመችውና ሄደች።

ፎቶው አንደኛ ወጣ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ታትሞ በየባንኩ፣ በየምግብ ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ ተሰቀለ። የጥላዬ ሱቅም እንደገና በሰው ተሞላች። የሚገባው ሁሉ "አቤት ደስታዋ! ስትጨፍር እኮ ነው የያዝካት!" ይለዋል። ጥላዬ ፎቶውን ያያል። ወፏ ጠርሙሱን አይደለም የምታየው። ዓይኗ ወደ ታች ነው፤ እግሮቿን ሰብስባ የምታርፍበት ትፈልጋለች። ከሱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ ለማንም አልነገረም።

ከዚያ ሁለት ወንበር ገዝቶ "ነይልኝ፣ የራስሽን ቦታ አዘጋጅቻለሁ" ብሎ ለእህቱ ሰው ላከባት። መልሷ መጣ፦ "ተመችቶኛል፤ አታስብ፤ በርታ።" ሌላ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

ወዳጆች ሆይ፣ መስጠት ብቻውን ቸርነት አይደለም። ሰጠሁ ብለን ስንኩራራ፣ ያ ሰው የሰጠነውን ለመቀበል ያለ የሌለ ኃይሉን የሚጨርስ ከሆነ፣ ከሰጠነው የወሰድንበት ይበልጣል። ደግሞ ጉዱ ይህ ነው፦ ኩሩውና ሌላ በር ያለው ጥሎን ይሄዳል፤ መሄጃ የሌለውና ልጅ ያንጠለጠለ ግን ክንፉ እስኪዝል አብሮን ይቆያል። እኛም መቆየቱን አይተን ተደስቷል እንላለን። ስለዚህ ስትሰጡ ማረፊያውንም ጨምራችሁ ስጡ፤ ማረፊያ የሌለው ማር ይገድላል።

እስቲ ዛሬ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለሌላ ከማካፈላችሁ በፊት ቤታችሁን ዞር ብላችሁ ቃኙ፤ ከእጃችሁ እየበላ ቁጭ የሚልበት ያጣ ማን አለ? ሲደክመውስ ታውቁበት ይሆን?