ገብስ የሰለቻት በቅሎ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናንተም ትልልቆቹ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ በአንድ አገር ባላምባራስ ውብነህ የሚባሉ ሰው አንዲት በቅሎ ነበረቻቸው። ጦር ሜዳ ቆስለው ሲወድቁ ተሸክማ ቤታቸው ስላገባቻቸው፣ «ከእንግዲህ ጭነት አይነካሽም» ብለው ማሉላት። ጠዋት ገብስ፣ ማታ ገብስ። ጀርባዋ ላይ ዝንብ እንኳ እንዲያርፍ አይፈቅዱም።

በቅሎዋ ግን ከሳች። የቤቱን በሬ ጠራችና፣

«ሆዴ ጠግቦ፣ ጎኔ ተመችቶት፣ ምን ጎደለኝ?» አለችው።

«የእኔን አንገት ቀንበር ልጦት አንቺ ታማርሪያለሽ? ጥጋብ ነው!» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

አጥር ላይ ወደተቀመጠው ዝንጀሮ ሄደች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ሆዴ ጠግቦ፣ ጎኔ ተመችቶት፣ ምን ጎደለኝ?»

ዝንጀሮ አገጩን እያሻሸ፣ «ይሄማ ከባድ ነገር ነው። ሦስት ቀን ጹሚ፤ ገብሱን እኔ እጠብቅልሻለሁ» አላት።

ጾመች። በሦስተኛው ቀን ገብሱም የለ፣ ዝንጀሮም የለ። የሚገርመው ግን የገብሱ መጥፋት አላሳዘናትም። «ለካ የጎደለኝ እሱ አልነበረም!» አለችና በሐምሌ ዝናብ፣ ሣር እየነጨች መንገድ ጀመረች።

አንድ የሞላ ወንዝ ዳር ስትደርስ፣ እማማ ዘርፌ የሚባሉ አዋላጅ ወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጡ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ከማዶ አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ነው፤ ውሃው አላሻግር አለኝ። ልጄ፣ እባክሽ!»

በቅሎዋ ውሃውን አየችው። ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እኔ እኮ በቅሎ ነኝ፤ ስለ መውለድ ምን አውቃለሁ?»

«ባትወልጂስ? የምታዋልደዋን ከማድረስ ማን ከለከለሽ?»

ጎንበስ አለችላቸው፤ አሮጊቷም ጀርባዋ ላይ ወጡ። መሐል ወንዝ ሲደርሱ ጎርፉ እያጓራ መጣ። እግሯ መሬት ለቀቀ፤ ውሃው ቁልቁል ይዟት ሄደ።

«በርቺ የኔ እናት! በርቺ!» ይላሉ እማማ ዘርፌ፣ አንገቷን አቅፈው።

ታገለች፣ ታገለች፤ ሰኮናዋ ድንጋይ ነካ። ወጡ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ከዚያም እልልታ። በቅሎዋ ደጅ ላይ ቆማ፣ ብርድ እያንቀጠቀጣት ሰማች። አባወራው ያቀረበላትን ደረቅ ጭድ ጥርግ አድርጋ በላች። እንዲያ ጥሟት በልታ አታውቅም።

ባላምባራስ ሲያፈላልጓት ከርመው፣ በሳምንቱ እሷ ወደሰነበተችበት እማማ ዘርፌ ቤት ደረሱ። ጎኗ በግንድ ተልጦ ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«ምን አጓደልኩብሽ?» አሏት።

«ምንም አላጓደሉብኝም፣ ጌታዬ። እዚህ ግን እንድደርስለት የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

ባላምባራስ የተላጠ ጎኗን ዳበስ አደረጉ። ኋላ ወደ እማማ ዘርፌ ዞረው፣ «ክረምት ክረምት እናንተ ዘንድ ትሁን። በጋ ግን ትምጣልኝ፤ እኔም ትናፍቀኛለች» አሉ።

በቅሎዋም ለስንቷ ወላድ ስትደርስ ኖራ፣ በዚሁ አረጀች።

አዎ ልጆቼ፣ ሆድ በእህል ቢሞላ፣ የልብ ቀለቡ ሌላ።