«አሮጌው እኮ…»

«ያ ጋራዥ የአዲስ እቃ ያስከፍልና አሮጌውን መልሶ ይገጥማል አሉ።»

ይህን የሚሉት እትዬ አስካለች የሚባሉ ባለሱቅ ናቸው። ጠዋት ዳቦ ሲረከቡ ይሉታል፣ ዘይት ሲቀዱ ይሉታል፣ መልስ ሲሰጡም ይሉታል። «ማን አለ?» ሲባሉ «አሉ ነዋ!» ይላሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ «አሉ» የሚባለው ሰው ማን ነው? ቤቱን የምታውቁ አላችሁ? እኔ እስከ ዛሬ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ግን የማይገባበት ቤት የለም፤ ለምስክርነት ሲቀርብም መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

አንድ ሰው ነበረ። በአሮጌ መኪና ከዳቦ ቤት ለየሱቁ ዳቦ እያደረሰ እንጀራውን የሚበላ። መኪናዋ ከቆመች ቤቱም ቆመ ማለት ነው። አንድ ቀን ከፊት ጎማዋ በኩል እንደ ንብ መንጋ መጮኽ ጀመረች። በሆሳዕና ከተማ ኮረኮንች እንዲህ እየጮኹ ሩቅ አይኬድም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ደጃፋቸውን ረግጦ ወደማያውቀው፣ ጋሽ ላምባሞ ወደሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዳት።

ጋሽ ላምባሞ ጎማውን ፈትተው አዩ። «ኩሽኔታው አልቋል። በአዲስ ይቀየር» አሉ። ተቀየረ፤ ሰውየውም ከፈለ። ቁልፉን ሲያስረክቡት «አሮጌው እኮ…» ብለው ጀመሩ። እሱ ግን ስልክ ላይ ነበር፤ ከዳቦ ቤቱ ጋር ይጨቃጨቃል። በእጁ «እሺ፣ እሺ» ብሏቸው ሄደ።

በማግስቱ መኪናዋ ሌላ ድምፅ አወጣች። ጉድጓድ በገባች ቁጥር፣ ኳ! ልብ በሉ፤ የበፊቱ ጩኸት ነበር፣ ይሄኛው ኳኳታ ነው። ልዩነቱን ጆሮ ያለው ሁሉ ይለየዋል። ምን ያደርጋል፣ በሰውየው ጆሮ ውስጥ እትዬ አስካለች ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉት ዳቦውን እየቆጠሩ።

«እኔ እንጃ። ገና ትናንት ነው ያሠራኋት።»

«ብዬህ ነበር! ብዬህ አልነበረም? አሮጌውን መልሶ ገጠመልሃ! ሞኝ።»

«ሞኝ» የምትለዋ ቃል እስከ ጋራዥ ድረስ ሰው ትነዳለች። የቀረውን ዳቦ እንኳ ሳያደርስ ሄደ።

«ብሬን መልስልኝ!»

«እስቲ ቁልፉን አምጣ ልጄ» አሉት ጋሽ ላምባሞ። «አንድ ጊዜ ልንዳትና ልስማት።»

«ደግሞ ሌላ እቃ ልትፈታ? አትነካትም!»

ሰማችሁት? ትናንት «እርስዎ» ነበሩ። ወሬ መጀመሪያ የሚፈታው ቡሎን አንቱታን ነው።

«አሮጌው እኮ…»

«አሮጌውን መግጠምህንማ አገር ያወቀው ነው! ይኸው ከገዛ አፍህ ወጣ! ሰማችሁ አይደል?»

ጎማ ሊያስነፉ የቆሙት ሰዎች ሰምተዋል። ምን ሰሙ? ሁለት ቃል። ሦስተኛውን ለመስማት ከመካከላቸው ማን ታገሠ?

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። የማይለቅ ዘይት ነው፤ እሳቸው ግን ብዙ ጠረጉት። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፈቱና ብሩን ሰጡት። «ውሰድ። እንኳን ከወጣት ጋር ከቡሎንም ጋር የምታገልበት ጉልበት አልቆብኛል።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለች ምን አሉ? «ንጹሕ ቢሆንማ ይመልስ ነበር?» ባይመልሱስ ኖሮ? «ሌባ ባይሆንማ ይመልስ ነበር» ሊሉ አይደል? በዚህ ዳኛ ፊት የሚረታ ሰው አሳዩኝ።

ሰውየው መኪናዋን ሌላ ዘንድ አላስመረመራትም። ኳ ባለች ቁጥር «ሰማችሁ የላምባሞን ሥራ?» ይል ነበር። ኳኳታው ተስማማው። ጋሽ ላምባሞ በሠላሳ ዓመት ያፈሩት ስም በአንድ ክረምት አለቀ። መስከረም ሳይጠባ ጋራዡ ተዘጋ፤ መፍቻዎቻቸው በኪሎ ተሸጡ። በጥቅምት እሳቸውም አረፉ። ሰውየው ለቅሶ አልደረሰም።

በኅዳር የመኪናዋ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውን፣ ስኮርታውን፣ ሊያወጣ የዳቦ ሣጥኖቹን አነሳ። ከስኮርታው ሥር አፉ የታሰረ ፌስታል አገኘ፤ ሲጎትተው ኳ አለ። ፈታው። በውስጡ የተበላ ኩሽኔታና አንድ የካርቶን ቁራጭ ነበረ። በካርቶኑ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «የተቀየረው ይኸው። አይተህ ጣለው። ላምባሞ።»

የሽማግሌው ልማድ ነበር። ደንበኛ እንዳይጠራጠር የፈቱትን አሮጌ እቃ ከስኮርታው ጋር አስቀምጠው ይመልሳሉ። የቆዩ ደንበኞቻቸው ሁሉ ያውቃሉ። ለአዲስ ደንበኛ ግን መንገር ያስፈልጋል፤ ሁለት ጊዜ ሊነግሩት ጀምረው ነበር።

ወገኖቼ፣ ዛሬ አልጮኽባችሁም። ደክሞኛል። ስለ ወሬ ስንሰብክ ስንት ዓመታችን ነው? «አሜን» ብላችሁ ትወጡና በሩ ላይ «አሉ» ቆሞ ይጠብቃችኋል። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። እናንተ ማንን ነው ሁለተኛው ቃል ላይ ያቋረጣችሁት? «እኔ እኮ…» ያለችሽን ምራትሽን? «የዚያን ቀን እኮ…» ያለህን ወንድምህን? ያ የተቋረጠው ነገር የት የሄደ ይመስላችኋል? ከኋላችሁ ነው። ከጫናችሁት ሁሉ ሥር ተቀምጦ፣ ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ያንኳኳል። እናንተም «የእሱ ጥፋት ነው የሚጮኸው» እያላችሁ ትነዳላችሁ።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ደውሉ። ይቅርታውን ለጊዜው ተዉት፤ ይቅርታ ስትሉም ንግግር ታበዛላችሁ። «ያን ቀን ምን ልትለኝ ነበር?» በሉና ዝም በሉ። እስኪጨርስ ዝም በሉ። ስልኩን የሚያነሳ ሰው ሳለ ደውሉ።

ያ ሰውማ ለዘመዶቻቸው ልመልስ ብሎ ብሩን ይዞ ወደ ጋራዡ ሄዶ ነበር። በጋራዡ ቦታ ብሎኬት ይመረታል፤ ላምባሞ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሠራተኛ አላገኘም። ለእትዬ አስካለች ነገራቸው። «እኔ እኮ አሉ ነው ያልኩት» አሉት።

መኪናዋ ዛሬም ዳቦ ታደርሳለች። በዚያው ኮረኮንች፣ በዚያው ጉድጓድ ታልፋለች፤ ኮሽ አትልም። ኩሽኔታው አዲስ ነበር።