የአያ ጫኔ አውራ ጣት

በአንድ ነገር ብቻ ተማምኖ ለሚኮፈስ ሰው የሚነገር አባባል አለ። ሁሉም ይተርተዋል፤ ከማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ የወረደ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አያ ጫኔ የመንደሩን ማሽላ ሠላሳ ዓመት ጠብቀዋል። በጉብዝናቸው ጊዜ ከሰማይ የወፉን መንጋ፣ ከምድር የዝንጀሮውን መንጋ ባንዴ ይቆጣጠሩ ነበር። ሲያረጁ ግን ወፉን ሲያዩ ዝንጀሮውን ይዘነጉታል፤ ወደ ዝንጀሮው ሲዞሩ ወፉ እሸቱን ይጨርሳል። አንድ ቀን እንዲህ ሲዋልሉ ዝንጀሮ ግማሹን ማሳ ቆረጠመው። መንደሩ አጉረመረመ። ምራታቸውም ከእንግዲህ ቤት ውለው የተሰጣ እህል ከዶሮ ይጠብቁ አለች። እሳቸው ሞትን አይፈሩም ነበር፤ ዶሮ እሽ ሲሉ መሞትን ግን ፈሩ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ዝንጀሮ በሚገባበት የአጥር ቀዳዳ ላይ ቀጭን ገመድ ዘረጉና ጫፉን እስከ ማማው ስበው ከእግራቸው አውራ ጣት ጋር አሰሩት። ዓይኔ ለወፍ፣ ጣቴ ለዝንጀሮ አሉ በልባቸው፤ ደስም አላቸው።

የጥበቃውን ሥራ የተመኘው ጎረምሳው ሽባባው ይህን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አያ ጫኔ ዘንድሮ በእግራቸው ማየት ጀመሩ። እኔ የንስር ዓይን አለኝ፤ ገመድ ለፍየል ነው" እያለ በየደጁ አወራ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ነገሩን ለመቁረጥ ማሳውን ለሁለት ከፈሉት። ሁለቱም በየማማቸው አንድ ቀን ይዋሉ፤ እህሉ የተረፈለት ጠባቂ ይሁን ተባለ።

ሽባባው እስከ ረፋድ ድረስ አንድ ወፍ አላሳረፈም። ከዚያ ግራር ላይ የተቀመጠች ወፍ ያሾፈችበት መሰለውና በወንጭፍ ቢወረውር፣ ድንጋዩ ወፏን ስቶ የንብ ቀፎ አገኘ። ንቦቹ በቀጥታ የመጡት ወደዚያ ወደ ንስር ዓይኑ ነበር። ወዲያው ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተደፈኑ።

አያ ጫኔስ? መደበቅ አያስፈልግም፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲያሞቃቸው ተኝተዋል። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ሲያንኮራፉ አውራ ጣታቸው ተጎተተ፤ ከማማው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ባንነው ወንጭፋቸውን ሲያጮኹት ዝንጀሮው ሁሉ ሮጦ ወደ ሽባባው ማሳ ገባ። ሽባባው ኮሽታውን ሲሰማ ጎረቤት ሊጠይቀው የመጣ መስሎት፣ "ደህና ዋላችሁ፤ ግቡ፣ አረፍ በሉ" አላቸው። እነሱም አላፈሩም፤ እስኪጠግቡ አረፉ።

አመሻሽ ላይ ጭቃ ሹሙ ሁለቱንም ማሳ ዞረው አዩ፤ የአያ ጫኔ እህል ተርፏል፣ በሽባባው ማሳ የቀረው አገዳ ብቻ ነው። ሽባባው ግን አልተረታም፤ አያ ጫኔ ሲያንኮራፉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ከሰሰ። የምራታቸው ዶሮዎች በሽማግሌው ዓይን ላይ ዞሩ። መዋሸት ግን አልሆነላቸውም።

"እውነቱን ነው ጌታዬ፣ ዓይኔ ከዳኝ።"

"ታዲያ ማሽላውን ማን ጠበቀው?"

አያ ጫኔ ያበጠ አውራ ጣታቸውን ቀና አደረጉ።

ጭቃ ሹሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ማማውን የተሸከሙትን እንጨቶች በከዘራቸው መታ መታ አድርገው ወደ ሽባባው ዞሩ፦ "ዓይንማ አንተንም ከዳህ፣ እሳቸውንም ከዳቸው፤ እንግዲህ ልጄ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል።"