በተዘጋው የአራስ ቤት የሸተተው አሪቲ

«ልጄ፣ ጆሮሽ መስሚያሽ ብቻ አይምሰልሽ፤ ቆመሽ የምትሄጅውም በእርሱ ነው» አሏት መምህርት ጸዳለ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለች። ይህን ቃል የሰማችው ልጅ አንጓች ትባል ነበር፤ የክርስትና ስሟም ወለተ ሰማዕት ነው። በዚያው ዓመት አባቷ ስላረፈ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ገባች፤ ኋላም ተዳረች፤ ደብተሯ የት እንደ ገባ አታውቅም፤ ቃሉ ግን አብሯት ኖረ። እናንተ የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ለዚህች ሴት የተደረገውን ነውና ልባችሁን ሰብስባችሁ አድምጡ።

አንጓች ዝምተኛ ነበረች፤ ከሰው መሐል ስትቀመጥ መኖሯ አይታወቅም፤ ዓይኗ ግን ሥራ አይፈታም። ከልጅነቷም የገባችው ስእለት ነበራት፤ ይኸውም ማለዳ ስትነሣ ከማንም ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ፊቷን ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መልሳ ትሰግድና «እንዴት አደርሽ እናቴ» ትላለች፤ በየወሩም በእመቤታችን በዓል ከደጇ ካበቀለችው አሪቲ ቀንጥሳ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ታኖራለች፤ አሪቲ ገና ሲነኩት መዓዛው መንደሩን የሚያውድ ቅጠል ነውና።

የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለች ብርቱ ጉንፋን ጣላትና ትኩሳቱ ሲለቃት ሽታ የሚባለው ነገር አብሮ ሄደ። ፈጣሪ በአፍንጫችን ጣሪያ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ አጥንት አኑሯል፤ በቀዳዳዎቹም ከክር የቀጠኑ ነርቮች ያልፋሉ፤ ከአበባም ይሁን ከወጥ የተነሣው ሽታ እነዚያን ሲነካ ወሬው ወደ አእምሮ ይወጣል። በአንጓች ላይ ይህ መንገድ ተዘጋባት። በወለደችም ጊዜ ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገንፎውን በቅቤና በበርበሬ አቀረቡላት፤ ምላሷ ግን ጨውን ለየ እንጂ ከዚያ አላለፈም፤ በርበሬውም አቃጠላት እንጂ አልጣማትም፤ ምላስ ጨዉን፣ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውንና መራራውን ያውቃል፣ ቅቤን ቅቤ የሚያሰኘው ግን አፍንጫ ነውና። ከሁሉ የከፋባት ሌላ ነበር። የመጣች ሴት ሁሉ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን አናት እያሸተተች «ውይ፣ ሽታዋ ሲጣፍጥ!» ስትል እርሷ እናቲቱ ምንም አይሸታትም ነበር፤ ይህንንም ብትናገር «ጋኔን ነው አፍንጫዋን የያዘው» እንዳይሏት ፈርታ ለባሏ ለተገኘ እንኳ ሳትነግረው ቀረች። አሪቲውን ግን አልተወችም፤ «ለእኔ ባይሸተኝ ለእርሷ ይሸታታል» እያለች በባሏ እጅ ትልከው ነበር።

ኅዳር ጽዮን በሆነ ጊዜ ብርዱ ጠንክሮ ውርጩ የደጁን አሪቲ አደረቀው፤ የተረፈችውን አንዲት ቅርንጫፍ ቀንጥሳ ለባሏ ለተገኘ ሰጠችውና ቀድሞ ሄደ። እርሷ ግን ሴት ልጅ ስለ ወለደች ሰማንያው ቀን እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ሕፃኗም ገና ክርስትና ስላልተነሣች ስም አልወጣላትም፤ ማሚቱ ብቻ ይሏት ነበር። አማቷ እማማ ደብሬም አራሷን ብርድ እንዳይመታት ብለው መስኮቱን በጭቃ መርገውት ነበር፤ የበሩንም ሥር በአሮጌ ጨርቅ ይወትፉ ጀመር።

«እማ፣ ትንሽ ቀዳዳ ቢተዉልን» አለች አንጓች።

«እሰይ! ብርዱ ገብቶ አጥንትሽ ውስጥ ይቀመጥልሽ? እኔ ያን ሁሉ ልጅ ወልጄ የተነሣሁት ነፋስ በሚገባበት ቤት መሰለሽ?»

በዚያ አገር ልማድ ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጥቁሩ ሁሉ ቀልቶ ፍም ሲሆን ነው ወደ አራስ ቤት የሚገባው። ያን ዕለት ግን የመጀመሪያው ደወል ተደውሎ ስለ ነበር እማማ ደብሬ ቸኮሉ፤ ከሰሉ ግማሹ ጥቁር ሳለ ማንደጃውን አስገብተው አስቀመጡና ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ፤ ከደጅም ሆነው ጠየቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ከሰሉ ይሸታል እንዴ? ከሸተተሽ ላውጣው።»

አንጓች ወደ ማንደጃው አየች፤ እንደማይሸታት ልትናገርም አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያም «አይሸትም እማ፣ ይሂዱ» አለች።

እማማ ደብሬም ጨርቁን በበሩ ሥር በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ ውሻ እንዳይገባባት በሩን ከውጭ ቀርቅረው ሄዱ። አንጓችም በጨለማው ቤት ሕፃኗን እያጠባች እንቅልፍ ወሰዳት። ወገኖቼ፣ ከከሰል ሁለት ነገር ይወጣል፤ አንዱ የሚሸተው ጢስ ነው፣ እርሱስ ቢያስልም ያስጠነቅቃል፤ ሁለተኛው ግን መልክም ሽታም የለውም፣ በትንፋሽ ገብቶ ከደም ውስጥ ሕይወትን ይነጥቃል። ያም በቤቱ ሞላ፤ የሕፃኗም ከንፈር ከጡቷ ላይ ተንሸራተተ።

በዚህ ጊዜ አንጓችን አሪቲ ሸተታት። ሰው በመዳፉ አሽቶ ከአፍንጫዋ ሥር እንደ ያዘላት ያህል ቀርቦ ሸተታትና «ማነው?» ብላ ነቃች። ማንም አልነበረም። ራሷ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ጆሮዋ ጭው ይላል፤ ልጇን ብትዳስሳት ክንዷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ደንግጣ ሕፃኗን አቅፋ ተነሣች፤ ቤቱ ግን ዞረባት፤ ጣሪያውና ወለሉ ቦታ ተለዋወጡና በማንደጃው አጠገብ ተዘርራ ወደቀች። ዳግመኛ ተነሣች፤ ዳግመኛም ወደቀች፤ ፍሙ ቀሚሷን ለበለበው፤ ልጇን ግን አልለቀቀችም።

ያን ጊዜ መምህርቷ ትዝ አሏት። በክፍሉ ፊት ደጋግመው አዙረዋት፣ ሲያቆሟት እንደ ሰካራም ስትንገዳገድ ልጆቹ በሳቅ ሲፈነዱ፣ «አትሳቁ» ብለው ነበር። «በጆሮዋ ውስጥ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከሚመስለው መስሚያ ጎን፣ ውሃ የሞላባቸው ሦስት ቀለበቶች አሉ። እርሷ ብትቆምም ውሃው ገና አልቆመም። ልጄ፣ ሚዛንሽ ሲዋሽሽ አትከራከሪው፤ መሬቱን ያዢ፣ መሬት አይዞርም።»

አንጓችም ሕፃኗን በነጠላዋ ከደረቷ ጋር አሰረቻት፤ ግንባሯንና መዳፏን ከወለሉ አጣበቀችና «እመቤቴ፣ ይህች ልጅ ገና ስም የላትም፤ በምን ስም ብዬ ልቅበራት?» አለች። በሩ ግን በየት በኩል እንደ ሆነ ጠፍቶባት ነበር።

ከዚያም የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። በሩ ፊት ለፊት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያያል። ድምፁ ለቀኝ ጆሮዋ ቀደመ፣ በረታም፤ ሁለት ጆሮ የተሰጠን አንዱ ከአንዱ ሲቀድም ድምፅ የመጣበትን እንድናውቅ ነውና። ራሷን ወደ ቀኝ ቀስ እያለች አዞረች፤ ድምፁ በሁለቱም ጆሮዋ እኩል እስኪሆን አዞረች፤ እኩል በሆነም ጊዜ በክርኗ መዳህ ጀመረች። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ደወሉ ቆመ።

በጨለማው ውስጥ የልጇን ትንፋሽ ለመስማት ጆሮዋን አቀናች፤ ምንም የለም። ጉንጯን መሬት ላይ ጣለች፤ እንባዋ ከንፈሯ ላይ ወርዶ ጨው ጨው አላት። ያ የአሪቲ መዓዛ ግን አልተለያትም ነበርና አሁን ከፊቷ ሆነ፤ ፊቷን ወደ ግራ ስትመልስ ይሳሳል፣ ወደ ፊት ስታቀና ይበረታል፤ እርሱን ተከትላ ተሳበችና እጇ የበሩን ሳንቃ ነካ። ብትገፋው አልተከፈተም። ከሥር ያለውን ጨርቅ ጨምድዳ በጥርሷም በእጇም ጎተተችና መዘዘችው፤ የብርሃን ክርና ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ነጠላውን ፈትታ ሕፃኗን ፊቷን ወደዚያ ስንጥቅ አድርጋ አስተኛቻትና እርሷ ሳንቃውን በተረከዟ ትመታ ጀመር።

ሙስሊሟ ጎረቤቷ ሰዓዳ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ድምፁን ሰማች።

«አንጓች? ምነው፣ አራስ አይደለሽ እንዴ? ምን ያስደበድብሻል?»

ባልዲዋን አስቀምጣ መቀርቀሪያውን ሳበች፤ በሩ ሲከፈትም ወደ ኋላ አለች። «ያ ረቢ! ቤቱ እኮ በከሰል ታፍኗል!» ብላ ሁለቱንም እየጎተተች ፀሐይ ላይ አወጣቻቸው። ሕፃኗ አትላወስም ነበር። ሰዓዳ እግሯን እያሸች ፊቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ረጨችባት። «በይ እንጂ አንቺ! አልቅሺ! በይ እንጂ!» አንጓች የምትለው ጠፍቷት «ማርያም፣ ማርያም» ብቻ ትል ነበር፤ በምጧ ጊዜ እንዳለችው ማለት ነው።

ከዚያም ሕፃኗ አንዴ ተንጠራራችና የደጁ ዶሮዎች እስኪበረግጉ ጮኸች።

«እሰይ!» አለች ሰዓዳ በእንባ እየሳቀች። «ልክ እንደ አያቷ እኮ ነው የምትጮኸው!»

አንጓችም ትንፋሽ ሲመለስላት «ሰዓዳ፣ አሪቲ ይዘሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«የምን አሪቲ? ባልዲ ነው የያዝሁት። ያንቺንስ ውርጭ አድርቆት የለ?»

አንጓች ዞር ብላ የደረቀውን ግንድ አየች። ከዚያም ልትስማት ወደ ልጇ አናት ጎንበስ አለች፤ ያን ጊዜም ሸተታት። የወተት፣ የቅቤ፣ ደግሞም ስም የሌለው፣ የልጇ ብቻ የሆነ ሽታ ሸተታትና አፍንጫዋን ከዚያ አናት ላይ ማንሣት አልቻለችም።

እማማ ደብሬ ከቅዳሴ ተመልሰው የሆነውን በሰሙ ጊዜ ማንደጃውን በገዛ እጃቸው አውጥተው ደጅ ደፉት፤ «ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?» ቢሏት «ፈርቼ ነው እማ» አለች፤ እርሳቸውም ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲያም በቤታቸው ቀዳዳ የማይተውለት አራስ ቤት አልነበረም። ሰማንያውም ቀን ሲሞላ ሕፃኗ ተጠምቃ ወለተ ማርያም ተባለች፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለውም ሁሉ ተአምሩን ሰምቶ እመቤታችንን አመሰገነ።

አንጓች ከክርስትናው ስትመለስ ከደረቀው የአሪቲ ግንድ ሥር አንዲት ለጋ ቀንበጥ ወጥታ ነፋስ ሲያወዛውዛት አገኘች፤ ያን ከበሩ ሥር የመዘዘችውን ጨርቅ ቀድዳ ቀንበጧን ከእንጨት ጋር ደግፋ አሰረቻት።

መንገዱ ለጠፋባት እናት በመዓዛ የደረሰች እመቤታችን፣ ይህን የሰማ ጆሯችሁን ለበጎ ወሬ፣ ምላሳችሁን ለእውነት ትክፈትላችሁ፤ ምድር ሲዞርባችሁም እጃችሁን ትያዝ፤ በተዘጋ በር ኋላ ያሉትን ሁሉ ታስባቸው፤ ለዘለዓለሙ አሜን።