ፈትል የጠፋበት ገና

አንድ ቀጸላ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። በየዓመቱ ከገና በፊት ባለችው እሑድ ለደብሩ መጋረጃ ይሰጣል። በዚያ ከተማ ልማድ፣ ቄሰ ገበዙ ስጦታውን ከፍ አድርገው የሰጪውን ስም ሲጠሩ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ረጅሙ እልልታ ሁልጊዜ የቀጸላ ነው። ሰውየውም እልልታውን በጆሮው ይመዝናል፤ ትንሽ ያጠረ ከመሰለው ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የሚያናግረው ሰው አይኖርም።

አንድ ዓመት የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን በሸማኔው በዘርጋው ደጅ ሲያልፍ፣ ነጭ ሸማ በሸማ ላይ ተከምሮ አየ። ዘርጋው ከመወርወሪያው ቀና አይልም።

"በርታ ዘርጋው! ይህ ሁሉ የማን ትዕዛዝ ነው?" አለው።

"ትዕዛዝ አይደለም ጌታዬ፤ የገና ስጦታዬ ነው። ብቻ እንዲደርስልኝ ይጸልዩልኝ።"

ቀጸላ በአፉ "ይቅናህ" አለው፤ ሆዱ ግን ያን ጊዜውኑ ነደደ። ቤቱ እንደገባ ለባለቤቱ ለወይዘሮ ብርቄ፣ "ያ ሸማኔ ቤተ መቅደሱን ዙሪያውን ሊጋርደው ነው! የእኔ መጋረጃ ከእሱ አጠገብ መሐረብ ሊመስል ነው!" አላት።

"ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑ ቢያምር አንተን ምን ከፋህ?" አለችው።

እሱ ግን ተቆጥቶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቅናት እንቅልፍ ነሳው። ሥጋና ቅቤ እርም ብሎ ይጾማል፤ ሐሳቡ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ዘርጋውን ሲበላ ይውላል። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። ሰዎቹን ገበያ ልኮ፣ ሴቶቹ ያወጡትን ፈትል አንድ ሳያስቀር አስገዛ። በሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ አደረገ። ፈትሉ መጋዘኑን ሞላ፤ የዘርጋውም መወርወሪያ ቆመ። ቀጸላ እፎይ ብሎ ተኛ።

እሑዷ ደረሰች። ቀጸላ ወርቀ ዘቦ የተሰፋበት መጋረጃ አመጣ። ዘርጋው ባዶ እጁን ከሰው መሐል ቆሟል። የቀጸላ ስም ሲጠራ እልልታው ቀለጠ፤ እሱ ግን እልልታውን እንኳ በወጉ አልሰማም። ዓይኑ ሸማኔው ላይ ነበር፤ ፊቱ ሲጠቁር ለማየት ቸኩሏል። ዘርጋው ከሁሉም ጋር ደስ ብሎት ያጨበጭባል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

የገና ዕለት ጎህ ሲቀድ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘርጋውን ከደብሩ ቅጥር ሥር አገኘው። ጋቢ በክንዱ ታቅፎ፣ ግንቡን ተጠግተው ለሚያድሩት ነዳያን አንድ በአንድ ያለብሳል። ቀጸላ መጋረጃ ነው ብሎ የነደደበት ሸማ ሁሉ ጋቢ ኖሯል። መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ዓይነ ስውር እማሆይ የደረሳቸው ግን ከትከሻ የማያልፍ ቁራጭ ነው።

"የእሳቸው ምነው አጠረ?" አለ ቀጸላ፣ መልሱን ልቡ እያወቀው።

"ፈትል ከገበያ ጠፋብኝ ጌታዬ። አንድ ሰው ጠራርጎ ገዛው አሉኝ።"

እማሆይ ቁራጩን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉና፣ "ምን ይደረግ፣ ቤተሰቡ ብዙ ይሆናል። እሱንም እግዜር ያሙቀው" አሉ።

ቀጸላ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ደረበላቸው። እማሆይ ጋቢውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ "ማነህ ልጄ?" አሉት።

ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሰጥቶ ስሙ ሳይጠራ የቀረበት ቀን አያስታውስም። ይህን ጊዜ ግን ስሙን ትቶ፣ "ፈትሉን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ቤተሰቤ ግን ብዙ አይደለም" አላቸው።

እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉትና ክንዱን ያዙ። "ታዲያ አሁን አንተን በረደህ" አሉት።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። ቀጸላ ግን ከእማሆይ አጠገብ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ መጋዘኑን ከፍቶ ፈትሉን ሁሉ ለዘርጋው ሰጠው።

ነቢያት የጾሙት የሚመጣውን ጌታ እየጠበቁ ነው። ቀጸላም ጾሟል፤ የጠበቀው ግን የራሱን ስም ነበር። ስጦታን ከሌላው ስጦታ ጋር የምናስተያይ ከሆነ፣ የሚበርደው ሰው ከዓይናችን ይጠፋል። ከቅናት የተሰጠ ነገር፣ ወርቅም ቢሆን፣ ከአንድ ሰው ላይ የተገፈፈ ልብስ ነው። ጌታ በግርግም ሲወለድ የሚያስፈልገው የሚሞቅበት ነገር ነበር፤ ዛሬም በድሆች ውስጥ ሆኖ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

እርስዎስ ዘንድሮ ለገና ሊሰጡ ሲነሱ፣ ዓይንዎ ያረፈው ማን ላይ ነው? በሚቀበለው ላይ፣ ወይስ አብሮዎት በሚሰጠው ላይ?